በሽተኛው ብቻ የማያውቀው በሽታ

በአገራችን በበሽተኛ ቤት ተቀምጦ ያደረ ሰው ሁሉ ይህን ነገር ሳያየው አይቀርም። በሽተኛው ከውስጥ ተኝቷል፤ ዘመድ ወዳጁ ከደጅ ቆሞ በሹክሹክታ ይነጋገራል። ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት ከአንዱ ወንድም ኪስ ወደ ሌላው ወንድም ኪስ ይዘዋወራል። በሽተኛው «ሐኪሙ ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ «ምንም አይደል፤ ትንሽ ቁስል ነው፤ በመድኃኒት ይለቅዎታል» ይባላል። መንደሩ ሁሉ ያወቀውን በሽታ የማያውቀው፥ ወይም አያውቀውም ተብሎ የሚታሰበው፥ ባለቤቱ ብቻ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ሁለት ዓመት ያህል የፈጀው የአክስቴ ሕመም ነው። አክስቴ በላይ ጋይንት ገጠር የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። ጡታቸው ላይ እባጭ ወጥቶ፥ ከርሞ፥ ቆስሎ፥ ወደ ሐኪም ቤት ያመጣናቸው በሁለተኛው ዓመት ነው። ውጤቱ የተነገረው ለእሳቸው ሳይሆን ለእኔና ለአጎቴ ነው፤ ያውም በመተላለፊያው ላይ፥ ካርድ የያዘ ሰው በግራና በቀኝ እየገፋን። የትኛው ሐኪም ቤት እንደ ነበር መናገር አያስፈልግም፤ በየትኛውም ቢሆን እንዲሁ ይደረግ ነበር። ማንበብ የምችል እኔ ስለ ነበርሁ ወረቀቱን ከደበቁት ሰዎች ዋነኛው እኔ ነበርሁ።

እኔ የሕግ ተማሪ እንጂ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም። ስለዚህ ስለ በሽታው የምጽፈውን ሁሉ ከመጻሕፍት ያገኘሁትና የጤና ሳይንስ ጓደኞቼን አስቸግሬ ያረጋገጥሁት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ነቀርሳ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ጌታ ያገለግላል። የሳምባ ነቀርሳ ስንል ቲቢ ማለታችን ነው፤ ይህ በአብዛኛው ለስድስት ወር መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ቢወስዱት የሚድን በሽታ ነው። ነቀርሳ ብቻ ስንል ደግሞ ካንሰር ማለታችን ነው። እንግዲህ አንዲት የገጠር ሴት «ነቀርሳ ነው» ቢባሉ የጎረቤታቸው ልጅ ስድስት ወር ክኒን ውጦ የዳነበት በሽታ ሊመስላቸው ይችላል። የቲቢ በሽተኛውም በበኩሉ ሞቴ ደረሰ ብሎ መድኃኒቱን ሊተው ይችላል። ሐኪሞች ይህን ለማስቀረት «ካንሰር» ይላሉ፤ ነገር ግን ይህ ቃል በገጠር ጆሮ ወይ ባዶ ድምፅ ነው፥ ወይ የሞት ፍርድ ነው። መካከለኛ ትርጉም ገና አላገኘም። የአክስቴ ልጅ እስከ መጨረሻው «ያ ነገር» እያለች ነበር የምትጠራው።

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፥ እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ወደ 77 ሺህ የሚሆን ሰው አዲስ በካንሰር ሲያዝ ወደ 52 ሺህ የሚሆነው ሞቶበታል። ግምት ያልሁት በምክንያት ነው፤ በጉና ዙሪያ በየጎጡ የሚሞተው ሰው ምን ገደለው ተብሎ በመዝገብ የሚጻፍበት ጊዜ ጥቂት ነውና። በሴቶች ላይ የሚበዙት የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ናቸው። አብዛኛው በሽተኛ ወደ ሐኪም የሚደርሰው በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ለዚህም ሰውን መውቀስ ይቀላል፤ ነገር ግን ምክንያቱን እንቍጠረው። እባጩ ሲጀምር አያምም፤ የማያም ነገር ደግሞ አጨዳ አያስፈታም። ቀጥሎ ጸበል አለ፥ የባሕል መድኃኒት አለ፥ ከዚያም የመንገድ ገንዘብ አለ። ከነፋስ መውጫ ደብረ ታቦር፥ ከደብረ ታቦር በወረታ በኩል ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ለኬሞቴራፒ መውረድ የተለመደ ነው። የጨረር ሕክምና ደግሞ ለብዙ ዓመታት በአገሩ ሁሉ የነበረው አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሆን፥ ጅማን የመሰሉ ቦታዎች የተጨመሩት በቅርብ ዓመታት ነው። ከደብረ ታቦር እስከ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ለዚህ አገር ሰው መንገር አያሻም።

እንግዲህ በሽታው ከተስፋፋና መዳን ካልተቻለ በኋላ የሚቀረው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን «ምንም» እንላለን። «ሐኪም ቤቱ ወደ ቤታችሁ ውሰዷቸው አለ» ሲባል የሕክምናው ነገር ያለቀ ይመስለናል። ዋናው የጽሑፌ ነገር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ካንሰሩ የተስፋፋበት ሰው የሚሠቃየው በአንድ ሕመም አይደለም። ቁስሉ ይጠዘጥዛል፤ አጥንት ውስጥ ከገባ ይቈረጥማል፤ ነርቭ ከነካ ይለበልባል፥ ይነዝራል። ከዚህ ሌላ ድካም አለ፤ እንቅልፍ ማጣት፥ ማቅለሽለሽ፥ የሆድ ድርቀት፥ የትንፋሽ ማጠር፥ ምግብ መጥላት፥ ሆድ መባስ አለ። አንዱ ሌላውን ይጎትታል፤ ሕመሙ እንቅልፍ ይነሣል፥ እንቅልፍ ማጣቱ ጭንቀት ያመጣል፥ ጭንቀቱ ሕመሙን ያብሰዋል። ሐኪሞች ይህን ሁሉ በአንድነት የምልክቶች ሸክም ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ የከፈተችው ሲስሊ ሳውንደርስ፥ አስቀድማ ነርስ፥ ቀጥሎ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፥ በመጨረሻም ሐኪም የነበረች ሴት ናት። እርሷ «ጠቅላላ ሕመም» የሚል ስም አወጣች፤ ይኸውም የሥጋው፥ የአሳቡ፥ የቤተ ሰቡና የነፍሱ ሕመም ተለያይተው የማይታዩ ናቸው ማለቷ ነው።

ሸክሙን ለመመዘን እ.ኤ.አ. በ1991 በካናዳ በኤድመንተን ከተማ ብሩዌራ የተባለ ሐኪምና ጓደኞቹ አንድ ቀላል ወረቀት አዘጋጁ። በሽተኛው ሕመምን፥ ድካምን፥ ድብታን፥ ማቅለሽለሽን፥ የምግብ ፍላጎት ማጣትን፥ የትንፋሽ ማጠርን፥ ትካዜን፥ ጭንቀትንና ጠቅላላ ደኅንነቱን እያንዳንዱን ከ0 እስከ 10 ቍጥር ይሰጠዋል። ይህ ወረቀት ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ሐኪሙ ሳይጠይቅ የቀረውን፥ በሽተኛውም አፍሮ የተወውን ነገር ያወጣል።

በእኛ አገር ግን መሰናክል አለው። የጎንደር ሰው «እንዴት አደሩ?» ቢባል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ሌሊቱን ሲቃትት ያደረ ሰውም መልሱ ይኸው ነው። ሐኪሙ ሮጥ ብሎ ገብቶ «እንዴት ነዎት?» ቢል፥ በሽተኛው «ደኅና ነኝ፥ ተመስገን» ቢሉ፥ ሐኪሙም «ደኅና» ብሎ ቢጽፍ፥ ሁለቱም አልዋሹም፤ ነገር ግን ሕመሙ አልተነገረም። ማማረር ምስጋና ቢስነት ይመስላልና። ለአክስቴ አንዲት ነርስ ያደረገችላቸውን አልረሳም። ሰላምታውን ጨርሳ፥ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጣ፥ «ትናንት ሌሊት ስንት ጊዜ ነቁ? ያነቃዎ ምን ነበር? በየትኛው ጎንዎ ነው መተኛት ያቃተዎ?» አለቻቸው። ከዚያ እጇን ዘርግታ፥ ጭብጥ ማለት ምንም ሕመም የለም፥ አንድ ጣት ትንሽ ነው፥ አምስቱም ጣት ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው ብላ አስረዳቻቸው። ቍጥር ያልተማሩት አክስቴ ያለ አንዳች ማመንታት አራት ጣት አወጡ። ከሁለት ደቂቃ በፊት ደኅና ነኝ ብለው ነበር።

ስለ ሕመም ማስታገሻ ብዙ የተሳሳተ ነገር ስለሚወራ ጥቂት ልቆይበት። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ሦስት ደረጃ ያለው መሰላል አወጣ። ለቀላሉ ሕመም ፓራሲታሞልና የመሰሉት፥ ለመካከለኛው እንደ ኮዴንና ትራማዶል ያሉት፥ ለጽኑው ሞርፊን ናቸው። ዛሬ መሰላሉን ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ መውጣት ግዴታ አይደለም፤ ሕመሙ ጽኑ ከሆነ ከጽኑው መድኃኒት ይጀመራል። ተራው በአፍ የሚጠጣ ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ የሚሰጥ ነው፤ ሲቃትቱ ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ። እኛ ግን መድኃኒቱን ቈጥበን፥ ሕመሙ እስኪነሣ ጠብቀን ነበር የምንሰጠው። ይህ እሳት ከተያያዘ በኋላ ውኃ ፍለጋ ወንዝ እንደ መውረድ ነው፤ ለማስታገስ የሚያስፈልገው መጠንም ይበዛል እንጂ አያንስም።

ሞርፊን ሲታዘዝ በቤታችን ሦስት ፍርሃት ተነሣ፤ በሌላም ቤት እንዲሁ ይመስለኛል። አጎቴ «ይህ ለሚሞት ሰው የሚሰጥ ነው፥ ይገድላቸዋል» አሉ። የአክስቴ ልጅ «ሱስ ይሆንባቸዋል» አለች። አክስቴ ራሳቸው ደግሞ «ለባሰው ቀን ይቀመጥ» አሉ። የጤና ሳይንስ ጓደኞቼ የሰጡኝ መልስ ይህ ነው። በትንሽ መጠን ተጀምሮ ሐኪሙ እየተከታተለ የሚጨምረው ሞርፊን በሽተኛን አይገድልም፤ ለሕመም ብቻ በሥርዓቱ በሚወስድ የካንሰር በሽተኛ ላይ ሱስ የሚያሳስብ ነገር አይደለም፤ ለባሰው ቀን ማስቀመጡም አያስፈልግም፥ ሕመሙ ሲጨምር መጠኑ ይጨመራልና። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድብታና ማቅለሽለሽ ይመጣል፥ ከዚያ ያልፋል። የማያልፈው የሆድ ድርቀት ነው፤ ስለዚህ ሞርፊን ያዘዘ ሐኪም ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ማዘዝ አለበት። ካላዘዘ መጠየቅ የአስታማሚው ፈንታ ነው። ዩጋንዳ በዚህ ረገድ ቀድማናለች፤ በሐኪም አን ሜሪማን አማካይነት ሆስፒስ አፍሪካ በካምፓላ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፥ ከ2004 ጀምሮ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ ሕጉ ፈቅዶላቸዋል። ሐኪም በሌለበት ገጠር ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ የሲማዳና የእብናት ተማሪ ይገባዋል። በእኛም አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ተቋቁሞ በሽተኞችን በየቤታቸው እየዞረ ሲረዳ ቆይቷል፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2016 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ዓይነቱ እንክብካቤ ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው ግን ከከተማ ወደ ቀበሌ ለመውረድ እንደ በሽተኛው ሁሉ ረጅም መንገድ አለው። በጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብርቱ ብትሆንም በመደርደሪያዋ ሞርፊን አታገኝም።

ከሕመሙ ይልቅ አክስቴን የሰበራቸው የቁስሉ ሽታ ነበር። የቆሰለ የጡት ካንሰርና የማሕፀን በር ካንሰር ይሸታል። ጠያቂ ሲመጣ ከመደቡ ጥግ ይሸሹ፥ ነጠላቸውን ይደርቡ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ያቆሙት በእግራቸው ድካም ሳይሆን በዚህ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው የሚገኘው ሜትሮኒዳዞል ነው፤ ክኒኑ ተፈጭቶ በታጠበው ቁስል ላይ ሲነሰነስ ሽታውን የሚያመጡትን ጀርሞች ይገድላል። ለአሜባ የምንውጠው ያው ክኒን ነው። ይህን የሰማነው ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ስምንት ወር ሙሉ ዕጣን እያጨስን ነበር። ዕጣኑና የምድጃው ጢስ ደግሞ ትንፋሽ የሚያጥረውን ሰው የበለጠ ያፍነዋል። በደጋው ብርድ በሽተኛ ከእሳት ዳር መተኛቱ ያለ ነው፤ ነገር ግን ትንፋሽ ሲያጥር ቀና አድርጎ በትራስ መደገፍ፥ በር መክፈትና ፊትን በቀስታ ማራገብ ብዙ ይረዳል። ይህም ዋጋው ባዶ ነው።

ስለ ምግብም አንድ ነገር አለ። በሽታው ሲገፋ ሰውነት ምግብ አይፈልግም፤ በግድ ቢበሉም አያወፍርም። እኛ ግን አጥሚቱን፥ የዶሮ መረቁን ይዘን እንከባቸዋለን፤ ጉርሻውን እስከ አፋቸው አድርሰን «በሞቴ፥ እትዬ፥ ይቺን ብቻ» እንላለን። «በሞቴ» የሚለውን ቃል ለሟች ሰው መናገራችንን ያስተዋለ አልነበረም። አክስቴ ስለ እኛ ብለው ይጎርሱና ከደጅ ወጥተው ያስመልሱት ነበር።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ፤ ይኸውም በሽተኛው ስለ መጨረሻው የሚያውቀውና የማያውቀው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ግሌዘርና ስትራውስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የኅብረተሰብ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ ሆስፒታሎች የሚሞቱ በሽተኞችን ከተመለከቱ በኋላ አንድ መጽሐፍ ጻፉ። በእነርሱ አከፋፈል አራት ዓይነት ሁኔታ አለ። በአንደኛው ሌላው ሁሉ ያውቃል፥ በሽተኛው አያውቅም። በሁለተኛው በሽተኛው ይጠረጥራል፥ ይሰልላል። በሦስተኛው ሁሉም ያውቃል፥ ሁሉም ግን የማያውቅ ይመስላል። በአራተኛው ሁሉም ያውቃል፥ ይነጋገርበታልም። እኔ አክስቴ በአንደኛው ውስጥ ያሉ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ውስጥ ኖረው መቆየታቸውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አንድ ቀን ብቻችንን ሳለን «ወረቀቱን ላንተ ብቻ ሲሰጡህ አውቄያለሁ። ለጉንፋን ወረቀት በኪስ አይሸሸግም» አሉኝ።

መደበቅ የእኛ ኋላ ቀርነት ነው የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1961 በቺካጎ በአንድ ሆስፒታል የተጠየቁ ሐኪሞች ከመቶው 90 ያህሉ ካንሰርን ለበሽተኛው አለመንገርን እንደሚመርጡ መልሰው ነበር። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ በአሜሪካ ሲቀርብ ከመቶ 97ቱ መንገርን መርጠዋል። ሁለቱም መልስ ከአንድ አገር፥ ከአንድ ሙያ፥ በ18 ዓመት ልዩነት የመጣ ነው። በመካከሉ ሕክምናው ተሻሻለ፤ የበሽተኛ መብት ክርክርም ተነሣ፤ ከዚህ በላይ ምሥጢር የለውም።

ስለ እኛ ሰዎች በተለይ የጻፉት የውብዳር በየነ የተባሉ ኢትዮጵያዊት የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ በሚታተም የሕክምና መጽሔት ላይ፥ በዚያ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሐኪሞቹ ክፉ ወሬን ያለ ምንም መሰናዶ ፊት ለፊት በመናገራቸው ምን ያህል እንደሚያዝኑ አስረድተዋል። በእኛ ልማድ ክፉ ወሬ በመጀመሪያ ለቅርብ ዘመድ ወይም ወዳጅ ይነገራል፤ እርሱም ጊዜና ቦታ መርጦ ለባለቤቱ ያደርሳል፤ ማታ አይነገርም፥ ሰው ብቻውን ከኀዘኑ ጋር እንዳያድር።

ይህን ሳነብ መርዶ ትዝ አለኝ። መርዶ ማንም እንዳገኘ አይነግርም። ሽማግሌ ይመረጣል፥ የነፍስ አባት ይጠራል፥ ጎረቤት በማለዳ ይሰበሰባል፤ ባለ ኀዘኑ በሩን ሲከፍት የሚደግፈው ክንድ በዙሪያው ቆሟል። ነገሩ ሳይነገር የሚቀር ግን አይደለም፤ ይዘገይ እንደ ሆነ እንጂ መርዶ ይነገራል። እንግዲህ ባሕላችን ክፉ ወሬን የሚናገርበት የታወቀ ሥርዓት እያለው፥ ለራሱ ለሚሞተው ሰው ሲሆን ይህን ሥርዓት ለምን እንደምንነፍገው አይገባኝም። ከተመላላሽ ክፍል በር ላይ ቆሞ መንገርም፥ ጨርሶ አለመንገርም ሁለቱ ከሥርዓቱ ውጭ ናቸው። ሐኪሙ በሽተኛውን አስቀድሞ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይወዳሉ? ወይስ ለማን እንንገርልዎ?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙው ችግር ይቃለል ነበር። አልፈልግም ያለ ሰው አለመስማት መብቱ ነው። አክስቴን ግን ማንም አልጠየቃቸውም፤ እኛ ወሰንንላቸው።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ቀኑን አያውቁትም። እ.ኤ.አ. በ2000 ክሪስታኪስና ላሞንት የተባሉ ተመራማሪዎች በቺካጎ 343 ሐኪሞች ስለ 468 ወደ ሆስፒስ የገቡ በሽተኞች የሰጡትን ግምት ከሆነው ጋር ሲያመዛዝኑት፥ የቀረበ ግምት የሰጡት ከመቶ 20 ያህል ነበሩ። ከመቶ 63 የሚሆኑት ግምቶች ከእውነቱ የረዘሙ ነበሩ። በሽተኛውን ለረጅም ጊዜ የሚያውቅ ሐኪም ደግሞ ይበልጥ ይሳሳት ነበር፤ ፍቅር ሳይኖርበት አይቀርም። ስለዚህ «ስድስት ወር ቀርቶሃል» የሚለው የሲኒማ ቤት አነጋገር በእውነተኛ ሐኪም አፍ አያምርም። የሚሻለው ሁኔታውን መከታተል ነው። በሽተኛው የሚደክመው ከወር ወደ ወር ከሆነ የቀረው ጊዜ በወር ይቈጠራል፤ ከሳምንት ወደ ሳምንት ከሆነ በሳምንት፤ ከቀን ወደ ቀን ከሆነ በቀን። ይህ ልምድ እንጂ ሕግ አይደለም። ለገጠር ሰው ደግሞ «ጥምቀትን አብረን የምናሳልፍ ይመስለኛል፤ ፋሲካ ግን ያሰጋኛል» ቢሉት ከቍጥር ይልቅ ይገባዋል።

መናገር ብቻውን ግን ማወቅን አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፥ ለተስፋፋ ካንሰር ኬሞቴራፒ ከሚወስዱት መካከል፥ የሳምባ ካንሰር ካለባቸው ከመቶ 69፥ የትልቁ አንጀት ካንሰር ካለባቸው ከመቶ 81 የሚሆኑት መድኃኒቱ ሊያድናቸው እንደማይችል አልተረዱም ነበር። በአገራችን የሚብሰው ይኸው አለመረዳት የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። አጎቴ ለአዲስ አበባ መንገድ አንድ በሬ ሸጡ። አንዱን በሬ የሸጠ ገበሬ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ የቀረው በሬ ብቻውን አያርስም። አዲስ አበባ ደርሰን ለሦስት ሳምንት ዘመድ ቤት ተቀምጠን፥ «ጊዜው አልፏል፥ ወደ አገራችሁ ተመለሱ» ተባልን። ቀድሞ በግልጽ ተነግሯቸው ቢሆን ኖሮ በሬው እንዲሸጥ አክስቴ የሚፈቅዱ አይመስለኝም።

«ቢያውቁ በድንጋጤ ይሞታሉ» የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ያወቁ በሽተኞች ይበልጥ ሲጨነቁ ያገኙ ጥናቶች አሉ፤ ያልተጨነቁ ያገኙም አሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ከተነገራቸው በኋላ ማን አብሯቸው እንደ ቆየ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በቦስተን በ151 የሳምባ ካንሰር በሽተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፥ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሕመማቸውንና ጭንቀታቸውን የሚከታተል ቡድን የተመደበላቸው በሽተኞች ትካዜያቸው ያነሰ ነበር። በአማካይ የኖሩትም 11.6 ወር ሲሆን፥ የቀሩት የኖሩት 8.9 ወር ነው። በግልጽ መነጋገር ዕድሜ ያሳጥራል ለሚለው ይህ መልስ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጸበሉም አንድ ቃል። ጸበል የገባ ሰው ክኒኑን ሲተው ብዙ ጊዜ አይተናል፤ በጾምም እስከ ቀትር መድኃኒት የማይቀምሱ አሉ፥ በየ4 ሰዓቱ የሚወሰድ ሞርፊን ደግሞ እስከ ቀትር አይቆይም። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። ለካንሰር በሽተኛም ከሐኪም ይልቅ የነፍስ አባታቸው ቃል ሊያሳምናቸው ይችላልና ቄሱን ከሕክምናው ውጭ ማድረግ ስሕተት ነው። ደግሞም መሞታቸውን ያላወቁ ሰው ንስሐ የሚገቡት፥ የሚቈርቡት መቼ ነው?

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በአራት ምስክሮች ፊት የሚነበብ የጽሑፍ ኑዛዜ፥ ተናዛዡ ራሱ በእጁ ሙሉውን የጻፈው ኑዛዜ፥ የቃል ኑዛዜ ናቸው። የገጠር ሰው በቃል መናዘዝ የሚበቃ ይመስለዋል፤ ሕጉ ግን የቃል ኑዛዜን አጥብቦታል። ሁለት ምስክር ያስፈልገዋል፤ ስለ ቀብር ሥርዓት፥ ስለ አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች አሳዳጊ፥ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ካልሆነ በቀር አይሠራም፤ ተናዛዡም ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር ከኖረ ይፈርሳል። 500 ብር ዛሬ በግ አይገዛም። እንግዲህ ቤቱን ሊያስተካክል የሚወድ በሽተኛ ገና ለመቀመጥና ለመነጋገር አቅም ሳለው፥ ምስክር ጠርቶ፥ አስጽፎ ማስነበብ አለበት። ይህን የሚያደርገው ጊዜው ማጠሩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

አክስቴ ከአዲስ አበባ በተመለሱ በሁለተኛው ሳምንት፥ ማታ ራት ተበልቶ፥ ልጃቸውና አንድ ጎረቤት ባሉበት፥ «የወንዝ ዳሯን ማሳ ነገር...» ብለው ጀመሩ። ከእኅታቸው ጋር በዚያች ማሳ ድንበር ምክንያት ለዘጠኝ ዓመት ሳይነጋገሩ መቆየታቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ደንግጬ፥ ደግም የሠራሁ መስሎኝ፥ «እትዬ፥ እንዲህ ያለ ነገር አያንሡ፤ ይድናሉ» አልኋቸው። ዝም አሉ። ወደ እሳቱ ዞረው «እሺ፥ የኔ ጌታ» አሉ እንጂ ሌላ አልተናገሩም። ወረቀቱን ማወቃቸውን የነገሩኝ ከዚህ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ድምፃቸው ደክሞ፥ ከእንቅልፍና ከሞርፊን መካከል ነበሩ። እኅታቸውን አስጠራናቸው፤ መጡ፥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተላቀሱ። ስለ ማሳዋ የተነጋገሩት ነገር ቢኖር የሰማ የለም።

ዛሬ ልጃቸው ማሳዋ የእኔ ናት ትላለች፤ እኅታቸው ድንበሩን ሊመልሱልኝ ነበር ይላሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ፥ እኔም በዚያች ማታ ከነበሩት አንዱ ነኝና ለምስክርነት ተጠርቻለሁ። ከመስቀል በኋላ ቀርቤ «ምን አሉ?» ተብዬ እጠየቃለሁ። ምን ሊሉ እንደ ነበር አላውቅም፤ ያቋረጥኋቸው እኔ ነኝ።